ከጅዳ የመጣ መጠቅለያ

ፌስታል አገሩን ከመውረሱ በፊት፣ ሐዋሳንም አዋሳ በምንልበት ዘመን፣ መናኸሪያ አጠገብ የመጠቅለያ ወረቀት እሸጥ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ገና ብዙ አልቆየም፤ ንግድ ነፃ ሆነ ተብሎ ድፍን ከተማው ነጋዴ ሆኗል። እኔ ብቻ የምቀር መስሎኝ፣ ያለኝን ጥሪት ሁሉ ይዤ መርካቶ ሄድኩና በመርከብ ከጅዳ የመጣ አሮጌ ጋዜጣ በእስር በእስሩ ገዝቼ ተመለስኩ። አስመጪው "እዚያ አንብበው የሚጥሉት ነው፤ እኛ እንጠቀልልበታለን" ብሎኛል። ወረቀቱ ግሩም ነበር። አንዱ ገጽ ቢዘረጋ ለባልና ሚስት አንሶላ ይበቃል። ሱቄ እስከ ጣሪያው ስለሞላ እኔና ባለቤቴ ደጅ ቆመን ነበር የምንሸጠው።

ቆሎ ሻጩ፣ ስኳር ቸርቻሪው፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶች ሁሉ ከእኔ ወሰዱ። በሳምንቱ የከተማው ሰው በሙሉ ዓረብኛ ይዞ ይዞር ጀመር። በልቶ ሲጨርስ ግን መሬት ላይ ይጥለዋል።

ከሱቄ ጎን ቅመም የሚሸጡ ሐጂ ነበሩ። ልጄ ታሞ ሐኪም ቤት ስንከራተት ሱቄን እየከፈቱ የሸጡልኝ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአውቶቡሶቹ መካከል አጎንብሰው አየኋቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጎንበስ ብሎ መነሳት ለእሳቸው ጭንቅ ነው። የወደቀ ጋዜጣ ያነሳሉ፣ አቧራውን ያራግፋሉ፣ አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ያንባርቅባቸዋል፤ እሳቸው ቀና አይሉም። ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ሐጂ፣ አውቶቡስ ሊድጥዎ እኮ ነው! ምን ጠፋብዎት?"

"የአላህ ስም ወድቆ ነው።"

"ኧረ ሐጂ! ይሄ የመኪና ማስታወቂያ ነው። ጎማው አይታይዎትም?"

"መኪናውን የሚሸጠው አብደላ ቢሆንስ? በስሙ ውስጥ የአላህ ስም አለ።"

ለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማላጣው ሰውዬ፣ "በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልሸጥም" አልኩ፤ ልቤ ግን አብሮኝ አልነበረም።

"እንዳትሸጥ መች አልኩህ? ልጆችህ ምን ሊበሉ? አንተ ሽጥ፣ እኔ አነሳለሁ።"

ያስፈራኝ ይሄ ነው። ብሸጥ ሐጂ አውቶቡስ ሥር ሊገቡ ነው፤ ባልሸጥ ልጆቼ ጋዜጣ ሊበሉ ነው።

መላውን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። "ስሙን ቆርጣችሁ አውጡና የቀረውን ሽጡ" አለች። ከዚያ ወዲህ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ሐጂ እስሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ በጣታቸው ያሳዩኛል፤ እኔ በምላጭ እቆርጣለሁ። ቁራጩን ንጹሕ ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅመው ጓሯቸው ይቀብሩታል። ቁርአን ሲቀሩ ያደጉ ናቸውና ፊደሉን ያውቁታል፤ ጋዜጣው የሚለውን ግን አይሰሙትም። የኳስ ወሬ ይሁን የሰው መርዶ፣ ለሁለታችንም እኩል ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ደንበኛዬ በምላጭ የበሳነውን ባዶ ወረቀት ይዛ መጣች።

"አንተ ሰውዬ፣ ወረቀትህን አይጥ ነው የሚያነብልህ? ስኳሬ ቤቴ ሳይደርስ አለቀ!"

"ደራርበሽ ጠቅልይው እንጂ እህቴ፣ በእኔ ምን አመጣው?"

እሷ እንደምትለው ከሆነ፣ ከመናኸሪያ እስከ ሰፈሯ አዲስ ከተማ ያለው ጉንዳን በእኔ ምክንያት ወፍሯል። ገበያዬ ሳሳ። ቢሆንም ሐጂ ማጎንበሱን ስለተዉ እንቅልፍ አገኘሁ።

አንድ ቀን ምሳ ልጋብዝዎ ብዬ አሞራ ገደል ወሰድኳቸው። ሴትየዋ ዓሣውን ጠብሳ፣ በእኛው ወረቀት ጠቅልላ ሰጠችን። ሐጂ ገለጡና እጃቸው ቀጥ አለ። ዘይት የጠጣው ወረቀት ላይ፣ ከዓሣው ሥር፣ ያልተቆረጠ ስም ነበር።

"ምነው ሐጂ፣ አልበሰለም እንዴ?" አለች ሴትየዋ።

"በስሏል ልጄ። እጅሽ ይባረክ።"

ዓሣውን ወደ እኔ ገፉት፤ ወረቀቱን በነጭ ፎጣቸው ይጠርጉት ጀመር።

"አሳይተውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የረሳሁት" አልኩ።

"አትዋሽ። ዓይኔ ነው። ከደከመ ቆየ፤ አፍሬ ነው ያልነገርኩህ።" የጠረጉትን ወረቀት አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና "ስንቱን አሳለፍኩት ይሆን?" አሉ።

የእስሩ ግማሽ ተሸጦ አልቋል። 

በማግስቱ መጥተው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን ግን አላወጡም። ምላጩን ከእጄ ወሰዱ።

"ከዛሬ ጀምሮ የምታየው አንተ ነህ።" ቅርጹን ጠረጴዛው ላይ በጣታቸው አሳዩኝ፤ አንድ ለብቻው የቆመ፣ ሁለት ተያይዘው የቆሙ፣ መጨረሻው ላይ ክብ።

"ሐጂ፣ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ። አንዲት ፊደል አላውቅም። ብስትስ?"

"አንተ ብትስት ሳታውቅ ነው። እኔ ከእንግዲህ ብስት እያወቅኩ ነው።"

ገጹን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋሁት። የቆመው ሁሉ፣ ክቡም ሁሉ ስሙን መሰለኝ። አንዱ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ሐጂ ምላጩን አቀረቡና "እርግጠኛ ነህ?" አሉኝ።

አልነበርኩም።

"ይቁረጡት" አልኳቸው።