እርጥብ መስታወት

ትራፊክ ፖሊሱ ከተራራው የሚወርደውን መኪና ሁሉ ያስቆማል፤ መንጃ ፈቃድ ግን አይጠይቅም። ስፖኪዮውን በመዳፉ ዳበስ ያደርጋል። እርጥብ ከሆነ ላይኛው ጠመዝማዛ ጉም ለብሷል ማለት ነው። ሹፌሮቹ "የመስታወት ሐኪም" ብለው ስም አውጥተውለታል። የዝናብ ልብሱ ሰፍቶታል፤ ሲሰጡት ልኩ ነበር።

መንገድ ለመዝጋት የአየር ትንበያ ክፍሉ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ክፍሉ ያለው ደግሞ ከታች፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ከተማ ነው።

"ላይ ጉም ወርዷል" ይላል በሬዲዮው፣ ጠዋት ማታ።

"እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አሳልፍ!"

አንድ ጊዜ ይህንኑ አምኖ "መንገዱ ሰላም ነው፣ ሂዱ" ብሎ አውቶቡስ ሸኝቶ ነበር። አንዲት እናት በመስኮት እጇን አውለብልባለት ነበር። አውቶቡሱ ገደል ገባ። ከዚያ ወዲህ "ሰላም ነው" የምትለዋ ነገር ካፉ ወጥታ አታውቅም።

ዛሬም ወደ ላይ የሚወጣ ሚኒባስ አጠገቡ ቆመ።

"ጋሼ፣ ላይ እንዴት ነው?" አለ ሹፌሩ።

"ጉም ነው፣ ልጄ። ብትመለስ ይሻልሃል።"

"ተዘጋ እንዴ?"

"እሱስ አልተዘጋም።"

"ታዲያ ምን ያስፈራራሉ!" ብሎ ሹፌሩ እየሳቀ ማርሽ አስገባ።

ትራፊኩ ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠግቶ መልሶ አወረደው። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ፣ ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው ደረቱ ላይ ያዘው።

ተሳፋሪዎቹ ሰላምታ መሰላቸው። ሁሉም በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡለት።