የአባቴ ሙሾ በግቢያችን መድረክ

ባጃጁ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሲያወርደኝ ጥበቃው መታወቂያ ጠየቀኝ። የዛሬዋ ዘፋኝ እኔ ነኝ ስለው በሩ ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ፎቶውን አየ። አልፈርድበትም፤ የፎቶዋ ሴትዮ ከእኔ ታምራለች።

ግቢው ተለውጧል። ጭቃ ስናቦካበት የኖርነው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል። የዶርማችን መስኮት ግን ያው ነው፤ ክራር የለመድኩት እዚያ ሥር ተቀምጬ ነው። በአንድ ክፍል ስድስት ሴቶች ነበርን። ፈተና ሲደርስ ክራሬን ፍራሽ ሥር ይደብቁብኛል፣ ፈተናው ሲያልቅ ራሳቸው አውጥተው ተጫወቺልን ይሉኛል። የደብረ ታቦር ብርድ ጣቴን ሲያደነዝዘው የሻይ ኩባያቸውን ያስይዙኝ ነበር። ወይ ጊዜ፣ እንዴት ናፍቀውኛል።

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አባቴ ሞተ። እናቴ በአንበሳሜ ዙሪያ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ናት፤ እሷ ያልደረሰችበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም። ለአባቴም ራሷ አወረደችለት።

ሞፈሩ ጥግ ይዞ፣ ቀንበሩም ተሰቅሎ፣
በሬው ደጁን ያያል አሁን መጣ ብሎ።

እኔ ጅሏ ይህን ይዤ ግቢ ተመለስኩ። ዜማ አበጀሁለትና በተማሪዎች ዝግጅት ላይ በክራር ዘፈንኩት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዘፈኑ ከስልክ ስልክ ዞረ፣ ስም አወጣልኝ፣ እናቴም ጆሮ ገባ። በእኛ አገር ሙሾ የሚወርደው ለለቅሶ ተቀምጦ፣ ነጠላ ተዘቅዝቆ፣ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ ነው። በደስታ ቀን ሙሾ ማለት ሞት መጥራት ነው። ቤት ስሄድ አልጮኸችብኝም። "ባባትሽ አስጨበጨብሽበት" አለችኝ፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ እኔ የምዘፍንበት ቦታ ደርሳ አታውቅም። ይኼ ሁሉ ዓመት ሰው ሲያጨበጭብልኝ የምሰማው እሱን ቃሏን ነው።

ዩኒቨርሲቲው ሲጠራኝ መጀመሪያ አንበሳሜ ወርጄ እንድትመጣልኝ ለመንኳት። ባቄላዋን እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ አያለሁ አለች። በእሷ አፍ አያለሁ ማለት እምቢ ማለት ነው። እኔ ግን ከፊት አንድ ወንበር አስያዝኩላት።

ሦስት ዘፈን እስክጨርስ ወንበሩ ባዶ ነበር። አራተኛውን ልጀምር ስል በጎን በር ገባች። የበዓል ነጠላዋን ለብሳለች። ተቀመጠች፣ እኔም የተቃኘውን ክራር እንደገና መቃኘት ጀመርኩ። ይባስ ብሎ ተማሪዎቹ ያንን ዘፈን፣ ያንን ዘፈን ማለት ጀመሩ። ዛሬ አልዘፍነውም አልኳቸው። ማን ይስማኝ!

ይኼኔ እናቴ ብድግ አለች። በቃ፣ ልትወጣ ነው አልኩ። እሷ ግን ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ገለበጠችው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለበሰችውና ተመልሳ ቁጭ አለች። ከኋላዋ የነበሩት የግቢው ሠራተኞች አይተዋት እነሱም ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። ነገሩ የገባቸው የገጠር ልጆች ጓደኞቻቸውን ዝም አሰኙ።

"በይ አሁን አውርጂለት" አለችኝ እናቴ።

አባቴን አለቀስኩት። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም።