የጋሽ ጭቃ ሁለተኛ ቁፋሮ

ጋሽ ጭቃ የሚለውን ስም ያወጣችላቸው የመሥሪያ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ኮሪደሩን ወልውላ ሳትጨርስ በጫማቸው እያቆሸሹባት ምን ታድርግ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአፈር ላብራቶሪ ሠራተኛ ናቸው። ከየእርሻው አፈር ቆፍረው ያመጣሉ፣ ያደርቃሉ፣ ይነፋሉ፣ ይመረምራሉ። ሚስታቸው ልብሳቸውን ከማጠቧ በፊት ኪሳቸውን ውጭ ታራግፋለች። ሰውየው ግን በሥራቸው ደስተኛ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት እያፏጩ ሥራ የሚገቡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ባለፈው ዓመት አንድ ወንድምና እህት ጠሯቸው። የአባታቸውን መሬት እኩል ተካፍለው የሚያርሱ ናቸው። ወንድምየው በየወቅቱ ሦስት አራት ጊዜ በትራክተር ይገለብጠዋል፤ ከአጨዳ የተረፈውን አገዳም አንድ ሳያስቀር ያነሳል። እህቱ ደግሞ ማረስ ከተወች ይኸው ስድስት ዓመቷ። አገዳውን መሬቱ ላይ ትተወዋለች፤ ዘሩን በጠባብ ቀዳዳ ትከታለች። ሰፈሩ ሁሉ መሳቂያ አድርጓታል። በመጨረሻ እናታቸው ፊት ተስማሙ፤ አፈሩ ይመርመር፣ የሷ ካልበለጠ ትራክተሩ እሷም ማሳ ይገባል። የስድስት ዓመት ልፋቷ በአንድ ቀን ገደል ገባ ማለት ነው።

ጋሽ ጭቃ ከሁለቱም ማሳ ናሙና ወስደው መረመሩ። አፈር የሚያለማው ብስባሽ በእህትየው ማሳ የወንድሟን እጥፍ ሆነ። በስልክ ሲነግሯት በደስታ ጩኸቷ ጆሯቸውን ልታደነቁረው ምንም አልቀራት።

ዋል አደር ሲል ግን ቁጥሩ ይከነክናቸው ጀመር። እጥፍ? በስድስት ዓመት? ደብተራቸውን ገለጡ። የዚያን ቀን ፀሐዩ ከረር ስላለባቸው፣ በሷ ማሳ ከቆፈሯቸው አሥራ አምስት ጉድጓዶች አራቱን ዛፍ ጥላ ሥር ነበር የቆፈሩት። እዚያ ደግሞ ድሮ የከብት በረት ነበረ፤ እናትየው ራሳቸው ነግረዋቸዋል። በረት የነበረበት መሬት ፍግ ሲጠጣ የኖረ ስለሆነ ናሙና አይወሰድበትም። ይህንን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ጣታቸውን እያወዛወዙ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው! ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

በማግስቱ ተመልሰው ሄዱ።

"ተሳስቻለሁ፤ እንደገና ልቆፍር" አሉ።

"ጋሼ፣ ዝም ቢሉልኝ ምን ነበረበት?" አለች እህትየው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

"ዝም ማለቱስ ቀላል ነበር፣ ልጄ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ እንጂ።"

ወንድምየው ከት ብሎ ሳቀና ባልዲውን ራሱ ተሸከመላቸው። ሰውየው ያን ቀን በጠራራ ፀሐይ ሲቆፍሩ ዋሉ፤ ላባቸው ቢንጠባጠብም ልባቸው ቀለላቸው።

አዲሱ ውጤት ሲደርስ የእህትየው ቁጥር ወርዷል። አሁንም ከወንድሟ ይበልጣል፤ ግን በትንሹ፣ በጣም በትንሹ።

"ይቺ ልዩነትማ ምን አላት?" አለ ወንድምየው ወረቀቱን እያጣጠፈ። "ባለትራክተሩን ለሷም ማሳ ለቅዳሜ ቀጥሬዋለሁ።"

ጋሽ ጭቃ ወደ መጡበት መኪና ሄዱ። ከመኪናው የድስት አፍ የሚያህሉ ሁለት የብረት ቀለበቶች አወረዱ። ከዛፉ ርቀው፣ አንዱን እሷ ማሳ፣ አንዱን እሱ ማሳ ላይ በመዶሻ መትተው ግማሹን ቀበሩት፤ ከዚያ እኩል ውሃ ሞሉባቸው።

"በል ሰዓትህን ያዝ" አሉት።

በእህትየው ቀለበት ውስጥ ያለው አፈር አራት ደቂቃ ሳይሞላው ውሃውን ጭልጥ አደረገው። የወንድምየው ውሃ ግን ቁጭ ብሎ ቀረ። አሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። ዝንብ መጥታ ዳርዳሩን ዞረችው። ወንድምየው ቁጢጥ እንዳለ አፈጠጠበት።

"ዝናቡም እንዲህ ነው የሚሆንብኝ?"

"ዝናቡማ እንዲህ አይቆምልህም፤ አፈርህን ይዞ ይወርዳል። ትራክተሩ ረግጦ ረግጦ ከሥር እንደ ወለል አጠንክሮታል።"

እህቱን አሳዘናት፤ መጥታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። እሱም ስልኩን አውጥቶ ለባለትራክተሩ ደወለ።

"የቅዳሜው ቀጠሮ፣ የእህቴ ማሳ... ተወው" አለ። ሊዘጋው ሲል ውሃውን ደግሞ አየት አደረገና፣ "የኔንም ተወው" አለ።