ዳማና የአባቴ ትንሿ ጠመንጃ

ዛሬ ጠዋት በራፌ ላይ ቁጭ ብዬ ገብስ እለቅም ነበር። ከጎናችን ያለው ጎሚስታ ቤት ጎማ ፈነዳ። ዷ ሲል፣ መንገድ ዳር የቆመው የጋሪ ፈረስ በሁለት እግሩ ተነሳ። ባለጋሪው ሻይ ቤት ነው። እፍኝ ገብስ ይዤ ሄድኩና ፈረሱ አፍ ስር ዘረጋሁለት። እየተንቀጠቀጠ በላ። አንተ ደግሞ ደብተርህን ይዘህ መጥተህ "እማማ፣ ይሄን ማን አስተማረዎት?" ትለኛለህ። ጻፍ እንግዲህ።

አባቴ እዚሁ አሰላ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበሩ። ያኔ ነጭ ለባሽ የሚባል አገር ጠባቂ ይሰለጥናል፤ ሰልጣኞቹ የገበሬ ልጆች ናቸው፣ ጠመንጃ ነክተው የማያውቁ። ውጅግራ የሚሉትን አሮጌ ጠመንጃ ሲሰጧቸው ትከሻቸውን እንደ በቅሎ ይረግጣቸዋል፣ ጩኸቱ ጆሮ ይደፍናል። ከዚያ ወዲያ ገና ሳይተኩሱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አባቴ ምን አደረጉ፤ ወፍ ከሚመታበት ትንሽ ጠመንጃ ቀጭኑን ቱቦ አወጡና በሰፊው ውጅግራ ውስጥ ሰኩት፣ መምቻውንም አስተካከሉት። ክብደቱ ያው፣ አያያዙ ያው፤ ጥይቷ ግን የባቄላ ፍሬ ታክላለች። ጠሽ ትላለች እንጂ አትረግጥም። "መጀመሪያ ፍርሃቱ ይውጣላቸው፤ ትልቁ ኋላ ይደርሳል" ይሉ ነበር።

በዚያው ዓመት ዲክሲስ ለሚኖር ሰው ታጨሁ። እናቷ የሞተችባት፣ እኔ በወተት ያሳደግኳት ዳማ የምላት ባዝራ ፈረስ ነበረችኝ። በእሷ ላይ ሆኜ መሄድ ነው ምኞቴ። ታዲያ ዳማ ተኩስ ስትሰማ ትበረግጋለች፤ ሰርግ ደግሞ ያለ ተኩስ አይሆንም።

"አንገትሽን ልትሰብርሽ ነው" አሉ አባቴ። "ሲሬ ገበያ ወስጄ እሸጣታለሁ። አንቺ በበቅሎ ትሄጃለሽ።"

"አባዬ፣ ያቺ የሰሯት ጠመንጃስ?"

"ለሰው ነው የሰራኋት።"

"ዳማ ከነጭ ለባሾችዎ በምን ታንሳለች?"

ሳቁ። አባቴ ከሳቁ ነገሩ አለቀ። "እስከ ሰርጉ ዋዜማ ልታገሳት። ያኔም ከበረገገች ትሸጣለች።"

ወንዝ ዳር ሰልጣኞቹ በትንሿ ጠመንጃ ጣሳ ሲመቱ እኔ ከታጨደው ገብስ ማዶ ዳማን ይዤ እቆማለሁ። ጠሽ ሲል አፏ ላይ ገብስ። ጠሽ፣ ገብስ። በየቀኑ ትንሽ ቀረብ እንላለን። የጭላሎ ተራራ ብርድ ጣቴን እያደነዘዘው ገብሱ ይወርድብኛል፤ እሷ ከመሬት ትለቃቅማለች። ኋላማ ጠሽ ሲል መሸሹን ትታ ወደ ቀሚሴ መዞር ጀመረች። "ይቺስ ቀድማን ትመረቃለች" ይላሉ ሰልጣኞቹ።

ዋዜማው ላይ አባቴ ትልቁን ተኮሱ። ጆሮዋን አቆመች፣ ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እጄን አሸተተች። አባቴ ኮርቻዋን መወልወል ያዙ።

ዲክሲስ ስንደርስ በቅቤ የታሸው የገብስ ጭኮ ከሩቅ ይሸታል፣ ተኩሱ ቀለጠ። ዳማ ቀጥ ብላ ቆመችና አንገቷን ወደ ጉልበቴ ጠመዘዘች። ሙሽራ ነኝ፤ ተሸፋፍኛለሁ፣ አትንቀሳቀሺ ተብያለሁ። እሷ ግን እየጠበቀች ነው። በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩትን ገብስ ፈትቼ ጎንበስ አልኩላት።

አማቴ አዩኝ። "ይቺ ልጅ እኛን አላመነችም፤ ቀለቧን ይዛ ነው የመጣችው" አሉ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴም እስኪሞት ድረስ፣ ራት ሳቀርብለት "ከየትኛው ቋጠሮ ነው?" ይለኝ ነበር።

አባቴ ሲጠግኗቸው የኖሩት ትልልቆቹ ጠመንጃዎች የት እንደገቡ አላውቅም። ትንሿን ግን አልረሳትም። አሁንም ድንገት የሚጮህ ነገር ከሰማሁ፣ እጄ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ገብስ ነው።

ዛሬም ባለጋሪው ከሻይ ቤት ወጥቶ ፈረሱን ይዞ ሲሄድ ጎረቤቴ ፋጡማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በሯ ላይ ቆማ ነበር።

"አዴ" አለችኝ፣ በኦሮምኛ እማማ ማለቷ ነው፣ "እኔም እኮ ደንግጫለሁ። ለእኔ ገብስ የለም?"