በሽታ የለም በሉ ያሉን ጊዜ

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ተነሥቼ ካልተናገርኩ ሆዴ አያርፍም። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ቢሆንም ጌታ ያደረገልኝን እነግራችኋለሁ።

እኔና ባለቤቴ ታደሰ፣ ሐረር ሸዋ በር አጠገብ፣ የጀጎልን ግንብ ሊያዩ ለሚመጡ ፈረንጆች አልጋ እናከራያለን። እሱ እንግዶቹን ያዞራል፣ እኔ ቤቱን እይዛለሁ። ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ እመለስ ነበር እንጂ ጌታን አላውቀውም።

ያ አገር ያዳረሰ የትውከትና የተቅማጥ በሽታ ሐረር ሲገባ፣ አንድ ሹም አልጋ አከራዮቹን ሰበሰበን። «በሽታ የሚባል ነገር የለም። እንግዳ ከጠየቀ የውሃ ለውጥ ነው በሉ» አለን። እኛ እኮ ጎረቤት እየቀበርን ነው! ከእንግዶቹም ብዙዎቹ ወሬውን ሰምተው ቀሩ።

ብዙም ሳይቆይ ታደሰ ወደቀ። ዓይኑ ጎደጎደ፣ ድምፁ ጠፋ። ሹሙን ሐኪም ቤት የማደርስበት መኪና ብለምነው፣ «ሰው እንዳያየው፤ ቤትሽ አስተኚው» አለኝ። እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ይወጣል?

በሬን ደፍራ የገባችው ይህች ፊት የተቀመጠችው ነርስ፣ እህት አልማዝ ናት። ግሉኮስ ሰቀለችለት፣ ትውከቱን በእጇ ጠረገች።

«አትፈሪም?» አልኳት።

«እፈራለሁ። ጌታዬ ግን ለምጻሙን በእጁ ነክቶታል» አለችኝ።

ስትጸልይ አጠገቧ ተንበረከክሁ። «ጌታ ሆይ፣ ሁሉም ሲሸሸኝ የመጣኸው አንተ ነህ» አልኩት። እዚያው አመንኩ። በማግስቱ ታደሰ ዓይኑን ገልጦ ውሃ ጠየቀ። በኋላ ያየው ሐኪም፣ «ግሉኮሱ ትንሽ ቢዘገይ አይተርፍም ነበር» አለን። ክብር ለጌታ ይሁን።

ከዚያ ወዲያ መዋሸት አቃተኝ። በሬ ላይ «በሽታ ስላለ እንግዳ አንቀበልም» ብዬ ለጠፍኩ፤ ከአዲስ አበባ እንግዳ ለሚያመጣልን ሰውም ደውዬ ነገርኩት። ሹሙ መጥቶ ቀደደው።

«ከተማውን አዋረድሽ፤ እንጀራሽንም ዘጋሽ» አለኝ።

«እንጀራዬን የሚሰጠኝ ጌታ ነው። እንግዳ ቤቴ አስገብቼ አልገድልም» አልኩት። የአልጋ ማከራያ ፈቃዴን ነጠቀኝ። ያን ጊዜ በእናንተ እጅ በላን።

በሽታው ሲጠፋ ሹሞቹ «ሰላም ነው፣ ኑ» ብለው ቢጣሩ ማን ይመናቸው? ትናንትም «የለም» ብለዋላ። ያ ከአዲስ አበባ እንግዳ የሚያመጣው ሰው ግን ቤቴ ድረስ መጣ። «እመቤት፣ በሽታው አለ ብለው እውነቱን የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። አልቋል ካሉኝ አምናለሁ» አለኝ። አዲስ ያስቆፈርነውን መጸዳጃና ውሃ የምናፈላበትን በርሜል አሳይቼው፣ «አልቋል» አልኩት።

ሹሙ ይህን ሲሰማ ፈቃዴን ይዞ መጣ። ይቅርታ እንኳ አላለም። «ለሌሎቹ እንግዳ አምጪዎችም ንገሪልን፣ አንቺን ያምናሉ» አለኝ። ደሜ ፈላ። ሆኖም ነገርኩ፤ ለእሱ ብዬ ሳይሆን፣ ለጀጎል ስፌት ሻጮችና ሥራ ፈትተው ለተቀመጡት አስጎብኚዎች ብዬ።

ታደሰ ዛሬ ያልመጣው እንግዶች ይዞ ጀጎል ስለገባ ነው። ጌታ ይመስገን። ወገኖቼ፣ እውነቱን ካልደበቃችሁ ትራባላችሁ የሚላችሁን አትስሙ። እኛን ያልጣለ ጌታ እናንተንም አይጥልም። እስካሁን ያላመናችሁት ካላችሁ፣ ዛሬ እመኑት።