ደሴቷ ላይ የበራው ቢጫ መብራት

ሊፍት ጠጋኙ በር ከመንካቱ በፊት ያወራል። ውስጥ የተያዙት ሰዎች ቢጮኹም ዝም ቢሉም፣ መጀመሪያ የመሣሪያ ሣጥኑን መሬት ያስቀምጥና ከንፈሩን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠግቶ «አለሁ፤ የትም አልሄድም» ይላል። መፍቻ የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ይስቁበታል፤ ከብረት ጋር የሚያወራ ሰው አንተን ብቻ ነው ያየነው ይሉታል። ይሳቁ። በሁለት ፎቅ መሀል ጨለማ ውስጥ ተንጠልጥሎ የማያውቅ ሰው ምን አለበት፣ ይስቃል። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ የተዘጋ በር ሲከፍት ስለኖረ፣ በሰው ላይ በር መዝጋት የሚባል ነገር ሲነሣ ደም ሥሩ ይገታተራል።

ይህንኑ በር የመዝጋት ነገር ደግሞ የሱና የሚስቱ ልጅ በመጣች ቁጥር ታነሣዋለች። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አግብታ ከወጣች ወዲህ የሳምንቱን መጨረሻ እየጠበቀች ትመጣለች። አባዬ፣ ሥራ ስትሄድ በሩን ከውጭ ቆልፈው፤ እማዬ አንድ ቀን ወጥታ ትቀራለች፤ አልቆልፍም ካልክ ደግሞ እንደሷ ያሉ ሰዎች የሚጠበቁበት ቤት እናስገባት ትለዋለች። እሱም ሁልጊዜ ያንኑ ይመልሳል፦ ይሄ ቤት ነው፣ እስር ቤት አይደለም።

እማዬ የተባለችውን ሚስቱን ሰፈሩ ሾፌሯ ነው የሚላት። የከተማ አውቶብስ ነድታ ነው ጡረታ የወጣችው። ካርታ የሚባል ነገር ንቃ የኖረች ሴት ነበረች፤ መንገድ የሚያዘው በዓይን ነው፣ ወረቀት ላይ አፍጥጦ መንገድ የሚፈልግ ሰው ከመሪው ጀርባ መቀመጥ የለበትም ትል ነበር። ቀለሙ የለቀቀ ግድግዳ፣ ሁልጊዜ ልብስ የሚሰጣበት በረንዳ፣ ጎማ ጠጋኙ የሚጮህበት ጥግ፣ ይሄን ሁሉ እያየች ነው ከተማውን በጭንቅላቷ ይዛ የኖረችው። አሁን ሽንት ቤቱ የቱ በር እንደሆነ ይጠፋታል። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገራቸው። እሷ በማግሥቱ ረሳችው፤ እሱ ግን ረስቶት አያውቅም።

እንግዲህ ደሴቷ የምትገባው እዚህ ላይ ነው።

ልጃቸው ስታገባ የጌም ማሽኗን ትታ ሄደች። አንድ ጌም ብቻ ነበር አብሮት የቀረው። ዲስኩ ላይ የተጻፈ ስም ነበረው፤ እነሱ ግን ደሴቷ ከማለት ሌላ ብለውት አያውቁም። ፋኖስ የያዘች አንዲት ልጅ በጀልባ ወጥቶ የቀረ አባቷን ትፈልጋለች። ካርታ የለም፣ ቀስት የለም፣ ወደዚህ ሂጂ የሚል የለም። የዘመመው ዛፍ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ትታጠፋለች። የደወል ድምፅ ከሰማች ወደቡ ቅርብ ነው። ሰማያዊ ጨርቅ የተሰቀለበት ወፍጮ ጋ ውሃ ታገኛለች። ይሄን ሁሉ ማንም አይነግራትም፤ አይታ፣ ሰምታ፣ ጠፍታ፣ ተመልሳ ነው የምታውቀው።

መጀመሪያ የጀመረው እሱ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ ቤት የዋለ ጊዜ። ያንኑ ጫካ ሲዞር፣ ሲዞር፣ እሷ ሰሐን እያጠበች ከወጥ ቤት ብቅ ትላለች።

«አንተ ሰው፣ ዛፉን እኮ ሦስቴ አለፍከው። አንተን ተሳፋሪ አድርጎ የጫነ ሾፌር ወየውለት።»

ጆይስቲኩን ከእጁ ወሰደችው፤ እንደወሰደችው ነው፣ መልሳ ሰጥታው አታውቅም። ደሴቷ ላይ ልትወርድ ስትል የድሮውን የሥራ ጃኬቷን ትለብስ ነበር። ቀልድ ሆኖ ተጀመረ፣ ልማድ ሆኖ ቀረ። እሱ ጎኗ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ያበሽቃታል። ትርፍ ጫንሽ፣ ፌርማታ አለፍሽ ይላታል። መጨረሻው ላይ ልጅቷ ተራራው ጫፍ ትወጣና ከባሕሩ ማዶ ሌላ ደሴት ታያለች፤ እዚያ ደሴት ላይ አንድ መስኮት፣ መስኮቱ ውስጥ መብራት። ከዚያ ስክሪኑ ጨልሞ «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

ይቀጥላል ያሉት ሰዎች ዓመት በመጣ ቁጥር በሚቀጥለው ዓመት እያሉ ዓመታት በሉ። በየጊዜው አንድ ቁራጭ ሥዕል ይለቃሉ፤ ያቺው መስኮት፣ ያው መብራት። ሰው በተስፋ ይቃጠላል፣ እነሱ ይሞቃሉ። ጠጋኙ ከሥራ ሲመለስ ጌም መሸጫው ሱቅ ጎራ ይላል። ባለሱቁን ጨራሹ ነው የሚሉት፤ የገባለትን ጌም ሁሉ ሳይጨርስ ለሰው አይሸጥም። ጋሼ የሚለውን ጠጋኙን ገና በሩ ላይ ሲያየው ራሱን ይነቀንቃል፤ ዘንድሮም የለም ማለቱ ነው።

በሽታው የመጣው በዚህ ጥበቃ መሀል ነው። ከቤቱ ክፍል ክፍሉ እየጠፋት ሲሄድ ደሴቷ ላይ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተችም። የልጇን ስም ፈልጋ ያጣች ቀን የዘመመው ዛፍ ጋ ስትደርስ አውራ ጣቷ ሳያመነታ ወደ ግራ ሄደ። ጠጋኙ ይሄን ሲያይ አንድ ነገር መጣለት። የሽንት ቤቱ በር ላይ ትንሽ ደወል ሰቀለ። የወጥ ቤቱ እጀታ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ አሰረ። መኝታ ቤቱ መግቢያ ላይ አንድ ዱላ አዝምሞ በምስማር መታ። ልጃቸው አይታ፣ አባዬ አንተም ጀመረህ እንዴ ብላ ሳቀች። ሾፌሯ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆም ብላ ግራ ቀኝ አየች፤ ደወሏን ነካ አደረገችና ገባች። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ውስጥ ጠፍታ አታውቅም። የውጭው በር ሳይቆለፍ የኖረው በዚህ ነው። እሱ ጋዙን ዘግቶ ሥራ ይሄዳል፤ በምሳ ሰዓት ሲመለስ ቦታዋ ላይ ናት።

ከዚያ ሁለተኛው ጌም ወጣ።

ጨራሹ በስልክ ነው የጠራው። ጋሼ ሲገባ ግን ፊቱ ላይ ደስታ የሚባል ነገር አልነበረም። ዲስኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ብትቆይ ይሻላል፣ እኔ ራሴ ገና መሀሉ ላይ ነኝ አለው። ጠጋኙ አልሰማውም። ይሄን ሁሉ ዓመት የጠበቀ ሰው መቆየት የሚባል ቃል ጆሮው አይገባም።

ስክሪኑን ወለወለ። ጃኬቷን አለበሳት። ልጅቷ አድጋ መጣች፤ ፋኖሷ የለም። ትከሻዋ ላይ የምታወራ ወፍ ተቀምጣለች፤ አፏን የማትዘጋ ወፍ፣ ጎበዝ፣ ወደዚህ፣ ጎበዝ፣ ወደዚያ። መሬቱ ላይ ደግሞ ከልጅቷ እግር ፊት ፊት የሚሮጥ ቢጫ መብራት ተዘርግቷል። የዘመመው ዛፍ ቦታው ላይ ቆሟል። ሾፌሯ እንዳየችው ወደ ግራ ታጠፈች። ልጅቷ ግን አልሄደችም። የማይታይ ግድግዳ ገፍታ ባለችበት ትራመዳለች። እንደገና ሞከረች። እንደገና። ወፏ፣ ተሳስተሻል፣ መብራቱን ተከተይ አለች።

ሾፌሯ ወደ ባሏ ዞረች።

«ተሳሳትኩ?»

ዕድሜዋን አንድ መታጠፊያ ስታ የማታውቅ ሴት፣ አንዲት የተሣለች ወፍ ተሳስተሻል አለቻት። ዛፉን አልነቀሉትም፤ ለጌጥ ትተውት መንገዱን ነው ከበስተግራው የነቀሉት። እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ድፍረት የት ይገኛል። አውራ ጣቷ ትንሽ አመነታና መብራቱን ተከተለ። ሰዓት ሳይሞላ መስኮቱ ጋ ደረሱ፤ ያ የተጠበቀው መስኮት፣ ያ መብራት። ውስጡ የልብስ ሱቅ ነበር። ልጅቷ ቀሚስ የምትመርጥበት። የአባቷን ነገር ያነሣ የለም።

ጠጋኙ በማግሥቱ ጨራሹ ላይ አፈጠጠበት፣ እሱ የሠራው ይመስል።

ጨራሹም ቀድሞ አንጀቱ በግኖ ነበር። ያልተሳደበ ደንበኛ የለም፤ ግን ሁሉም እየተሳደበ ይጫወታል አለ። መብራቱን ማደብዘዝ ይቻላል፣ ማጥፋት አይቻልም።

«ሰው መጥፋት አይወድም አሉ ጋሼ። አጥንተውት ነው።»

«ማንን አጠኑ? መጥፋትን ማጥናት ከፈለጉ እኔ ቤት ይምጡ» ብሎት ወጣ።

ዲስኩን ያን ዕለት አውጥቶ መወርወር ነበረበት። አልወረወረውም። ምክንያቱም እሷ አልተከፋችም። የተከፋው እሱ ነው፤ እሷ ጠዋት ተነሥታ ጆይስቲኩን ትጠይቃለች። ልጃቸውም፣ ደስ ካላት ምን አገባህ፣ አንተ ስለተቀየምክ እሷ ትቅርባት አለችው። ስለዚህ ሥራ ሲሄድ ጌሙን ከፍቶላት ይሄድ ጀመር። ደስታዋ ግን ደስታ አልነበረም። አትስቅም፣ አትሳደብም፣ ትርፍ ጫንሽ ቢላት አትመልስም። ዓይኗ ከመሬቱ አይነሣም። ዛፉን አታይም፣ ባሕሩን አታይም። ቢጫው ይሄዳል፣ እሷ ትከተላለች። ወፏ ጎበዝ ትላታለች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሲመለስ ኮሪደሩ መሀል ቆማ አገኛት። ልብሷ ርሷል። ደወሉ ከራሷ በላይ ተሰቅሏል፤ ቀና ብትል ይነካታል። እሷ የምታየው ወለሉን ነው።

«አልበራም» አለችው። «እስኪበራ እየጠበቅኩ ነው።»

አጠባት፣ ቀየረላት። አዲሱን ዲስክ አውጥቶ የድሮውን አስገባ። ደሴቷ መጣች፤ ፋኖሱ፣ ንፋሱ፣ ዝምታው፣ ሁሉም እንደነበረ። ልጅቷ የዘመመው ዛፍ ጋ ደርሳ ቆመች። ሾፌሯ ጠበቀች። ወደ ግራ በያት አላት። ዛፉን እዪው እንጂ፣ ዛፉ ነው እኮ አላት። እሷ ስክሪኑን በትዕግሥት ታያለች፤ ቀይ መብራት ላይ እንደቆመ ሾፌር። ፋኖሷን የያዘችው ልጅ ጫካው ዳር ቆማ ቀረች። ጠጋኙ የዚያን ዕለት አንድ ነገር ከቤቱ እንደወጣ ገባው፤ በየትኛው በር እንደወጣ ግን አላወቀም።

መንገዱን መቆፈር የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነው። የውሃ ቧንቧ ሊቀብሩ ነው ተባለ። ከሰፈሩ መግቢያ ተነሥቶ፣ በቤታቸው ደጃፍ አልፎ፣ እስከ ሰፈሩ ታችኛው ጫፍ ድረስ ሰው የሚውጥ ቦይ ተከፈተ፤ ከዳር ዳሩ ዘንግ ተክለው፣ በየዘንጉ ራስ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ሰቀሉ። ጠጋኙ ሥራ ሲሄድ በጎኑ አልፏል። ሰው እንዳይገባ የተሰቀለ መብራት ነውና ጥሩ ሠሩ ብሎ አለፈ። ቀን ነበር፤ ቀለሙን ልብ አላለም።

ማታ ሊሆን ሲል ተመለሰ። የአንድ ሕንፃ ሊፍት ገመድ አስቸግሮት አምሽቶ ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቴሌቪዥኑ ላይ የድሮዋ ልጅ አሁንም ዛፉ ሥር ቆማለች። ጃኬቱ መስቀያው ላይ የለም። ወደ ውጭ ዞሮ ሲያይ ቦዩ በሁለት በኩል እየበራ እየጠፋ፣ አንድ ረጅም ቢጫ መንገድ ሆኖ ከደጃፉ ተነሥቶ ይሄዳል።

ከመብራቱ መጨረሻ ላይ ነበረች። ዘንጎቹ የሚያልቁበት፣ አፈሩ ገና ያልረጋበት ጫፍ ላይ። ከእግሯ ሥር ኮረት እየተንከባለለ ይወርዳል፤ ሥሩ ሲደርስ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ባዶ እጇን ደረቷ ጋ ይዛ አውራ ጣቷን ታንቀሳቅሳለች።

ቢጠራት ትደነግጣለች። ቢሮጥ አፈሩ ይናዳል። ሠላሳ ዓመት በሮች ላይ ሲል የኖረውን አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ከጀርባዋ።

«አለሁ፤ የትም አልሄድም።»

አልዞረችም። «ወፏ ቀጥዪ ትላለች» አለች። «ግን መብራቱ አለቀ። ቀጥዬ የት ልሂድ?» ይህን ብላ አንድ እግሯን አነሣች።

ጃኬቷን ይዞ ጎተታት፤ ሁለቱም ወደ ኋላ አፈሩ ላይ ወደቁ። የቆመችበት ጫፍ ተገምሶ ገባ። እሷ መነሣት አልፈለገችም፤ ተኝታ መብራቱ ሲበራና ሲጠፋ ታይ ነበር፣ ፊቷ አንዴ ቢጫ፣ አንዴ ጨለማ።

በማግሥቱ ሥራ አልገባም። ገበያ ወጥቶ ቁልፍ ገዛ፤ ከውጭ ብቻ የሚከፈተውን። ራሱ ቦረቦረ፣ ራሱ ገጠመ፣ ብሎኑን ራሱ አጠበቀ። በሥራው አይታማምና ቁልፉ አንድ ጊዜ ሳያንገራግር ዞረ። ለልጁ ደውሎ፣ ቆልፌዋለሁ አላት። እሷ ደግ አደረግክ አላለችም። አልቅሳ ስልኩን ዘጋችው።

ሥራ በተመለሰበት ጠዋት ጋዙን ዘጋ፣ ውሃ በብርጭቆ አስቀመጠላት፣ ወጣ፣ ቆለፈ። ሁለት ደረጃ ከወረደ በኋላ የበሩ እጀታ ሲንቀሳቀስ ሰማ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ተመለሰ። የመሣሪያ ሣጥኑን መሬት አስቀመጠና ከንፈሩን በሩ ስንጥቅ ላይ አደረገ፤ የትም አልሄድም የሚለውን የለመደውን ቃል ግን አላለውም። እየሄደ ነው እኮ።

ትንፋሹን ሰማችው መሰለኝ፣ እጀታው ጸጥ አለ።

«ማነህ?» አለች ከውስጥ፣ በዚያ አውቶብስ ሙሉ ሰው በምታረጋጋበት ድምፅ። «አንተም ተይዘህ ነው? አይዞህ። ባለቤቴ ሊፍት ጠጋኝ ነው። አሁን ይመጣል፤ ያወጣናል።»