አፋቸውን ከፍተው የመጡ እንግዶች

በናዝሬት ከተማ ዓሣ በመስታወት ቤት ውስጥ ያኖረ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። እርግጥ አንድ ሆቴል ከእኔ ቀድሞ ነበረው ይባላል፤ ሆቴል ግን ሰው አይደለም። እርግጥ መስታወቱን የቆረጠው መስታወት ቆራጭ፣ ማዕዘኑን በብረት የበየደው በያጅ፣ መጋጠሚያውን በስቱኮ የደፈነው ደግሞ መስኮት ገጣሚ ነው። የእኔ ድርሻ መስታወቱን በአንድ ጫፍ መያዝ ነበር። እሱንም በቅጡ ሳልይዘው አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። በፈሰሰው ደም ከተመዘነ ግን ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ግማሹ የአዋሽ ወንዝ ያን ዕለት ከጣቴ የወጣ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ስደበድብ የምውል ጸሐፊ ነኝ። ባለቤቴ የዝዋይ ልጅ ናት፤ ከሐይቁ ዳር ያደገች። እኔን ብላ ናዝሬት ስትመጣ የሚታይ ውሃ ብትፈልግ ያገኘችው የቦኖ ሰልፍ ነው። ቢሆንም አላማረረችም፤ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እናቷ ዘንድ እንደምትሄድ ታውቃለችና፣ ቀኑን በጣቷ እየቆጠረች ትጠብቅ ነበር።

በስድስተኛው ወር ደም አየች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «እስክትወልጂ ከአልጋ እንዳትወርጂ። አውቶቡስ የሚባል ነገርማ በሐሳብሽም አይምጣ» አለቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ሆነ። እኔ ያለኝ ሀብት ቀልድ ብቻ ነው፤ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ፤ አለቃዬን አስመሰልኩ፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር አካሄድ ሄድኩላት። ምንም። አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም ለግድግዳው፣ «ሐይቁን ባየው» አለች።

«አመጣልሻለሁ» አልኩ። አፌ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚሄደው።

ሳጥኑ እንዲህ ተሠራ። ሐይቁን ያመጡት ደግሞ አማቴ ናቸው። በሾፌር መልእክት ልኬላቸው፣ በአንድ የወተት ጣሳ ውስጥ አምስት የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች፣ በጀሪካን የዝዋይን ውሃ ይዘው ከተፍ አሉ። ሞጆ ኬላ ላይ ፈታሹ ጣሳውን እየጠቆመ «ምንድን ነው ይሄ፣ እማማ?» ብሏቸው ኖሯል።

«ዓሣ ነው።»

«ጥብስ ነው?»

«ገና ነው። መጀመሪያ ይደጉ።»

ፈታሹ እጁን ጣሳው ውስጥ ከቶ አንዱ ሲነካው ሽቅብ ዘለለ አሉ፤ አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። ባለቤቴም ይህን ስትሰማ በስንት ቀኗ ሳቀች። አማቴ እንዳዘዙት የቧንቧውን ውሃ በበርሜል ሁለት ቀን አሳድሬ ከሐይቁ ውሃ ጋር ቀላቀልኩ፤ አምስቱም ገቡ። ሳጥኑን አልጋዋ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ አደረግነው፤ እሷም ከግድግዳው ዞረች።

«እነዚህ ልጆች በደህና ከከረሙ የኔም በደህና ይመጣል» አለች።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። የዚያን ጊዜ ነው የፈራሁት፤ ጣት የማያክሉ አምስት ዓሦች የልጄን ነገር በጀርባቸው ተሸክመው ሊዋኙ ነው።

እንግዲህ የተኛ ሰው ባለበት ቤት ጠያቂ አይጠፋም። ጠያቂ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ዳቦ ይዞ ይመጣል። ባለቤቴን «ተሻለሽ?» ይላታል፣ ከዚያ ወደ ሳጥኑ ይዞራል። ዓሦቹም ወደ ላይ መጥተው አፋቸውን ከፈት ከደን ያደርጋሉ። በእኛ አገር አፉን ከፍቶ ፊትህ የቆመ ፍጡር ምን ይደረጋል? ያጎርሱታል። ጎረቤታችን ቅመም ነጋዴዋ እትዬ፣ ከመስታወቱ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያሉ ይለምኗቸው ነበር። «ትንሿ እምቢ አለችኝ» ይሉኛል ቅር ብሏቸው፤ «ኮርታለች።» ልጃቸው እስክትወልድ እኛው ዘንድ የቀሩት አማቴ በኦሮምኛ «ኛዻ፣ ኛዻ» ይላሉ፤ ብሉ፣ ብሉ ማለታቸው ነው። ቤተሰብ ሊመዘግብ የመጣው የቀበሌ ሰው እንኳ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ፍርፋሪ ጣለ።

«ስንት ደረሳችሁ?» አለኝ።

«ስምንት። ዘጠነኛው መንገድ ላይ ነው።»

ሳጥኑን አየ። «ለአምስቱ የስኳር ራሽን እንዳትጠይቀኝ» አለና ወጣ።

በሳምንቱ ውሃው የአጃ ሾርባ መሰለ። ዓሦቹ ከላይ አይጠፉም፤ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። «ርቧቸው ነው» ተባባልን፤ ጨመርንላቸው። ባሰባቸው፤ ጨመርን። አንድ ጠዋት አንዷ በጀርባዋ ተንሳፍፋ ተገኘች። ባለቤቴ ሳትነቃ በጭልፋ አውጥቼ ልደብቃት ስል፣ ከኋላዬ «አራት ቀሩ» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም።

ያዳነን ጎረቤታችን ነው፤ የአሰብ መስመር የጭነት መኪና የሚያሽከረክር የወሎ ሰው። ከመንገድ ገብቶ ሊጠይቃት ሲመጣ እሱም ዳቦ ይዟል፤ ግን ከማጉረሱ በፊት ጎንበስ ብሎ ዓሦቹን ረዘም ላለ ጊዜ አየ።

«አንተ፣ እነዚህ እኮ እየታፈኑ ነው» አለኝ።

«ርቧቸው አይደል?»

«ሞተር ሲታፈን አላውቅም? የሚበላ አይደለም የለመኑህ፣ አየር ነው። ባጎረስካቸው ቁጥር የተረፈው እየበሰበሰ ውሃውን ያንቀዋል።» ወደ ባለቤቴ ዞሮ ደግሞ «አብሽሪ፣ እህቴ፣ አራቱ ይተርፋሉ» አላት።

አንድ ያረጀ ካላማዳሪ፣ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ አመጣ። በፖምፓ ነፋነው። ከአፉ ላይ ከጤና ጣቢያ የለመንናትን የግሉኮስ ቱቦ አሰረና ጫፏን ሳጥኑ ውስጥ ሰደዳት፤ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ቀስ ብሎ ይወጣል። ጎማው ሲሟሽሽ እንደገና መንፋት የኔ ሥራ ሆነ። ግማሹን ውሃ በበርሜል ባደረው ቀየርነው። ባለቤቴ አረፋው ሲወጣ እያየች ሁለት ጉርሻ በላች።

እኔም ወዲያው መሥሪያ ቤቴ ሄጄ ማስታወቂያ ጻፍኩ፤ «ማሳሰቢያ፦ ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ግለሰብ ዓሣ ማጉረስ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ቀን በቀን አንዲት ቁንጥር የሚሰጡት የታካሚዋ እናት ብቻ ናቸው።» ክብ ማኅተም ስላላገኘሁ «ደርሷል» የሚለውን ማኅተም መታሁበት። ጠያቂው ሁሉ አክብሮ አነበበ። እትዬ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሕግ ነው» ብለው ዓሦቹን ተሰናበቷቸው።

ውሃው ግን አልጠራም። አራተኛው ቀን ላይ ከታች፣ ጠጠሩ ላይ፣ ያበጠ የዳቦ ፍርፋሪ ታየ። ባለቤቴ በክርኗ ቀና አለች።

«እማዬ፣ ተዪ አላልኩሽም?»

«እኔ? እኔ ከቁንጥሯ አላለፍኩም።»

«ታዲያ ማነው? ከአንቺ ሌላ ማን ይነካዋል? ልትገድያቸው ነው እኮ» አለች።

አማቴ መጀመሪያ ሳጥኑን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። እኔ ካላማዳሪውን መንፋት ጀመርኩ። ነጠላቸውን አስተካከሉና «እሺ፣ እኔ ነኝ። እርጅና ነው። ሁለተኛ አይለመደኝም» አሉ። ባለቤቴ ተመልሳ ጋደም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴ ወደ ሳጥኑ አልቀረቡም፤ ቁንጥሯን እንኳ ባለቤቴ ከአልጋዋ እየለካች ለእኔ ትሰጠኝ ጀመር።

ውሃው በሳምንቱ እንደ መስኮት ጠራ። አራቱም ወፈሩ። ልጃችን በቀኗ፣ በሰላም ተወለደች፤ ስታለቅስ ድምጿ ዱከም ድረስ ተሰምቷል። ዓሦቹ ሳጥኑ ሲጠባቸው አማቴ በዚያችው ጣሳ ወደ ዝዋይ መለሷቸው።

ዳቦውን ይጥል የነበረው እኔ ነኝ። ማስታወቂያውን በለጠፍኩበት ሳምንት፣ በምሳ ሰዓት ባለቤቴ ስታሸልብ፣ አማቴ ጓዳ ሲገቡ፣ ከኪሴ እያወጣሁ አጎርሳቸው ነበር። አፉን ከፍቶ የሚያየኝን ማለፍ አልቻልኩም። አማቴ እስኪያርፉ ድረስ በቤታችን «ዓሣ ገዳይ» እየተባሉ ይቀለድባቸው ነበር፤ ቀልዱን ከሁሉም አብልጬ የምቀልደው ደግሞ እኔው ነበርኩ።